ቁልፉ ማን ዘንድ ይቀመጣል?



የስልጤና የጉራጌ አገር ሰው ዐረፋን የት እንደሚያሳልፍ ማንም አይጠይቀውም። ዒዱ ሲቃረብ የመርካቶ ሱቆች አንድ በአንድ ይዘጋሉ፤ አውቶቡሱና ሚኒባሱ እስከ አፉ ሞልቶ ወደ አገር ቤት ይተማል። ልጅ ከወላጁ፣ ወንድም ከእህቱ የሚገናኝበት፣ አተካናው የሚቀርብበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የታጨች የምትዳርበት ሰሞን ነው። በዚያ አገር አነስተኛ ከተማ የሚኖር ሰው ለአካባቢው አንድ ነገር ላሠራ ብሎ ቢያስብ ቀን መምረጥ አያስቸግረውም። መስጊድም ይሁን መንገድ፣ ጉድጓድም ይሁን ድልድይ፣ መዋጮው የሚሰበሰበው በዐረፋ ነው።

እኛም ይህንኑ ይዘን ነበር የተነሣነው። የምናስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ቤተ መጻሕፍት አልነበረውም። የ2017 ዓ.ም. ዐረፋ ዓርብ ግንቦት 29 ቀን ዋለ። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ሰኔ 1፣ ወላጆችን፣ የአገር ሽማግሌዎችንና ከአዲስ አበባ የመጡ ተወላጆችን በት/ቤቱ ሜዳ ጠራን። እሑድን የመረጥነው ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንዲገኙልን ብለን ነው። ት/ቤቱ የመንግሥት ነው፤ የሁላችንም ልጆች በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማሩበታል።

ድንኳን ተተከለ፤ ሞንታርቦ መጣ፤ ንግግር ተደረገ። ርእሰ መምህሩ የሕንፃውን ንድፍ በትልቅ ወረቀት ዘርግቶ አሳየ። 120 ተማሪ በአንድ ጊዜ የሚያስቀምጥ አዳራሽ ነው። ዙሪያውን በረንዳ አለው። ከበሩ በላይ የለጋሾች ስም የሚቀረጽበት እብነ በረድ ይኖራል። ሞንታርቦው የእያንዳንዱን ሰው ስምና የገባውን ቃል እየጠራ ያሰማል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ተክቢራ ያሰማል። ከዙህር በኋላ ሒሳቡ ሲደመር ቃል የተገባው 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ሆነ። በሕይወታችን እንዲህ ያለ ገንዘብ ለአንድ ጉዳይ ሲሰበሰብ አይተን ስለማናውቅ ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

በዚህ መካከል በገበያ ቀን ቆጮ የሚሸጡ አንዲት እናት ከሴቶች መቀመጫ ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው 200 ብር አኖሩ። ስማቸውን ሊጽፍ እስኪብርቶ ያነሣውን መምህር ግን አስቆሙት።

«ቆይ ልጄ፣ ስሜን ከመጻፍህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህ ቤት ሲሠራ ቁልፉ ማን ዘንድ ይቀመጣል?»

ጥያቄው ቀላል መሰለንና «ት/ቤቱ ዘንድ ነዋ እናታችን» ብለን መለስን።

«እሱንማ አውቃለሁ። ያሁኑም ት/ቤቱ ዘንድ ነው። የልጄ ልጅ ለፈተና የሚያነበው መጽሐፍ ፍለጋ ሦስት ቀን ተመላለሰ። አንድ ቀን ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ ገብቷል አሉት። አንድ ቀን ወረዳ ሄዷል አሉት። በሦስተኛው ቀን ንብረት ቆጠራ ነው ተብሎ ተመለሰ። ልጁ አራተኛ ጊዜ አልሄደም። እኔ ማንበብ አልችልም። ግን የተቆለፈ ቤትና ያልተሠራ ቤት ለኔ አንድ ነው።»

ሞንታርቦው ክፍት ነበርና ንግግራቸውን ሜዳው ሙሉ ሰማው። እኛ መምህራን እርስ በርሳችን ተያየን። የምንመልሰው አልነበረንም።

አንባብያን ሆይ! እውነቱን እንናገር። ቤተ መጻሕፍት የለንም ብለን ሕዝብ ስንጠራ መጽሐፍ ግን ነበረን። ብዙ አይደለም፤ በንብረት ክፍሉ ውስጥ ባለ አንድ የብረት ቁምሳጥን የተቆለፈ ነው። ቁልፉ የንብረት ክፍል ሠራተኛው ኪስ ውስጥ ነው። እኛም ለዓመታት በሠራተኛው ስናማርር ኖረናል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቁጭ ብለን ስናነጋግረው ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ በስሙ ተመዝግቧል። አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ ከደመወዙ ሊከፍል ይችላል። ካልከፈተው ግን የሚጠይቀው የለም። እናንተ በሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኛ ራሳችንን ጠይቀን ያገኘነው መልስ አላኮራንም። ቁልፉን ኪሳችን ውስጥ እንይዘው ነበር። ጥፋቱ የሠራተኛው ብቻ አልነበረም። መጽሐፉ እንዲጠበቅ እንጂ እንዲነበብ ያላሰበው አሠራራችን ነው፤ የዚያም አሠራር ባለቤቶች እኛው ነን።

ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ የ12ኛ ክፍልን ውጤት ያስታውስ። በመላ አገሪቱ ለብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ነበሩ። ከመቶ ልጆቻችን ከዘጠና የሚበልጡት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ ማለት ነው። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ብቻውን ያድነዋል አንልም። ይሁን እንጂ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመማሪያ መጻሕፍቱ ለብዙ ት/ቤቶች በወቅቱ ሳይደርሱ ቀርተው ተማሪው በስልክ እያነበበ ሲማር አይተናል። ስልክ ያለው አነበበ። ስልክ የሌለው ልጅ፣ በተለይም የገጠሩ፣ የጓደኛውን ትከሻ ተደግፎ ማየት ነበረበት። ቤተ መጻሕፍት ለሀብታም ልጅ ተጨማሪ ነገር ነው። ለደሃ ልጅ ግን ያለው እሱ ብቻ ነው።

መዋጮውን ስንሰበስብ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ገጥሞናል። በሌሎች ከተሞችም የሚነሣ ስለሆነ እዚህ ላይ እናንሣው።

አንደኛው «ት/ቤት የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛ ግብር ከፍለናል» የሚል ነው። ንግግሩ ሐሰት የለበትም። ግን ልጁ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ነው። በጀቱ እስኪመጣ ቢጠብቅ ክፍሉ አይጠብቀውም። አባቶቻችንም መንገዱ የመንግሥት ነው ብለው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ አገር ተወላጆች ከንግዳቸውና ከጉልበት ሥራቸው ያገኙትን እያዋጡ ወደ አገር ቤት የሚገባውን መንገድ እንዲሠራ አድርገዋል። ዛሬ ለዐረፋ የምንመላለሰው ያ ኅብረት በከፈተው ጎዳና ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ገንዘቤን ለመስጊድ ብሰጠው አይሻልም ወይ? ይህ ዓለማዊ ትምህርት ነው» የሚል ነው። ይህን ለከተማችን ኢማም አቀረብንላቸው። እሳቸውም በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበውን ሐዲሥ አስታወሱን። ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ የማይቋረጡለት ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው። እነሱም ቀጣይነት ያለው ሶደቃ፣ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ ናቸው። «እናንተ የምትሠሩት ቤት በትክክል ከተያዘ ከሦስቱ ሁለቱን ይዟል፤ ልጆቹ ከተማሩበት ሦስተኛውም ሩቅ አይሆንም» አሉን። አስከትለውም አንድ ነገር አስጠነቀቁን። ዘካ ባለቤቶቹ በቁርኣን ተለይተው የተቀመጡ ስለሆነ ለግንባታ አታምጡት፤ ለዚህ የምትሰበስቡት ሶደቃ ይሁን አሉን። እኛም እንዲሁ አደረግን። በዘካ ስም የመጣልንን ገንዘብ ለሚገባቸው እንዲሰጡት ለባለቤቶቹ መለስን።

ታዲያ «ቀጣይነት ያለው» የሚለውን ቃል ከኢማማችን አፍ ስንሰማ የቆጮ ሻጯ እናታችን ጥያቄ ተመልሶ መጣብን። ሶደቃው እንዲቀጥል ቤቱ መቆሙ ይበቃል ወይ? ወይስ ቤቱ በየቀኑ መከፈት አለበት?

የመጀመሪያው ወሕይ የወረደው በንባብ ትእዛዝ መሆኑን በየመድረኩ እንናገራለን። የባግዳድን፣ የቁርጡባን፣ የቲምቡክቱን ቤተ መጻሕፍት እየጠራን እንኮራለን። ኩራቱ ባልከፋ። እነዚያ ቤቶች በምን ገንዘብ ይተዳደሩ እንደነበር ግን እምብዛም አንጠይቅም። እስቲ አንዱን እንይ። በ395 ዓመተ ሂጅራ፣ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1005፣ የፋጢሚዮቹ ገዢ አል-ሐኪም በካይሮ «ዳሩል ዒልም» የተባለ ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ስለ ገዢው ማንነት ታሪክ ብዙ ይላል፤ እሱ ለዛሬ ጉዳያችን አይደለም። የሚገርመው ታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ ያቆየልን የዓመት ወጪ ዝርዝር ነው። ለገልባጮች ወረቀት 90 ዲናር፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደመወዝ 48 ዲናር፣ ለመጠጥ ውሃ 12 ዲናር፣ ለአንባቢዎች ወረቀት፣ ቀለምና ብርዕ 12 ዲናር፣ ለተቀደዱ መጻሕፍት ጥገና 12 ዲናር፣ ለበሩ መጋረጃ መጠገኛ ሳይቀር 1 ዲናር ተመድቧል። ለክረምት ምንጣፍም ራሱን የቻለ በጀት ነበረው።

ይህን ዝርዝር ስናነብ አንድ ነገር ገባን። እነዚያ ሰዎች መጽሐፍ እንደሚቀደድ አስቀድመው ያውቁ ነበር። የሚነበብ መጽሐፍ ያረጃል፤ ስለዚህም ላረጀው ገንዘብ መደቡ። እኛ ደግሞ መጽሐፍ ከተቀደደ ሰው እንቀጣለን። ምንም መጽሐፍ የማይጠፋበት ቤተ መጻሕፍት ማንም የማይገባበት ቤተ መጻሕፍት ነው።

እንዲህ ያለው ወጪ በየዓመቱ የሚሸፈነው በወቅፍ ነበር። የወቅፍን መሠረት የምናገኘው ደግሞ ከሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። በኸይበር መሬት ባገኙ ጊዜ ምን ቢያደርጉበት እንደሚሻል ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አማከሩ። የተሰጣቸው ምክር ዋናውን አስቀርተው ፍሬውን ሶደቃ እንዲያደርጉት ነበር። መሬቱ አይሸጥም፣ በስጦታ አይተላለፍም፣ አይወረስም፤ የሚያፈራው ግን ለድሃው፣ ለዘመዱ፣ ለመንገደኛውና ለእንግዳው ይሆናል። ከዚያ በኋላ የመጡ የሙስሊም ከተሞች ይህን አርአያ ተከትለው ት/ቤትና ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ከጎኑ ሱቅ፣ ወፍጮ፣ እርሻ ወይም መታጠቢያ ቤት ያቆሙለት ነበር። ኪራዩ ለአስተማሪው ደመወዝና ለመብራቱ ዘይት ይውላል።

ነገሩን የተረዱት ሙስሊሞች ብቻም አይደሉም። ከስኮትላንድ ተሰዶ አሜሪካ የገባው አንድሩ ካርኔጊ በልጅነቱ ድሃ ሠራተኛ ሳለ አንድ ባለጸጋ ለሠራተኛ ልጆች ክፍት ባደረገው የግል ቤተ መጻሕፍት አንብቦ ያደገ ሰው ነው። ሀብታም ከሆነ በኋላ በልዩ ልዩ አገሮች ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት እንዲሠሩ ገንዘብ ሰጥቷል። ግን ሕንፃውን እንዲሁ አይሰጥም ነበር። ከተማው መሬቱን ማቅረብ፣ እንዲሁም ለሕንፃው ከወጣው ገንዘብ አሥር ከመቶ የሚሆነውን በየዓመቱ ለማስተዳደሪያ ለመመደብ ቃል መግባት ነበረበት። ካልሆነ ገንዘቡ አይሰጥም። ሰውየው ነጋዴ ነበርና ግድግዳ መጽሐፍ እንደማያስነብብ ያውቃል።

በእኛም አገር ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። እኛ ራሳችን ጠዋት ት/ቤት ውለን ማታ ኪታብ የቀራን ነን። ሉሓችንን በከሰል ቀለም እየጻፍን የተማርንበት ቤት ጣሪያው ያፈስ ነበር። ግን አንድም ቀን ተዘግቶ አላገኘነውም። ሸኻችን ሁልጊዜ ነበሩ፤ ኪታቡም ሁልጊዜ ነበረ። ከሩቅ የመጣውን ደረሳ መንደርተኛው በየተራ ይቀልበዋል። ቤቱ ደካማ ነበር፤ ሥርዓቱ ግን ጠንካራ ነበር። ዛሬ እኛ ልናደርግ የነበረው የዚህን ግልባጭ ነው።

ወደ ት/ቤታችን እንመለስ። ከዐረፋው በኋላ ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ። ውይይቱ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ የደረስንበት ውሳኔ የመጀመሪያውን ንድፍ የሚያፈርስ ነበር። አዳራሹ ከ120 ሰው ወደ 40 ሰው ዝቅ ይበል፤ በረንዳው ይቅር አልን። ከሚገባው ገንዘብ ከመቶ 60 ለግንባታ፣ ከመቶ 15 ለመደርደሪያና ለመጻሕፍት ይዋል። ቀሪው ከመቶ 25 በት/ቤቱ አጥር ላይ፣ ወደ ገበያው መንገድ ዞረው ለሚሠሩ ሁለት ትናንሽ ሱቆች ይሁን። የሱቆቹ ኪራይ በት/ቤቱ የውስጥ ገቢ ሒሳብ እየገባ ቤተ መጻሕፍቱን ውሎ ለሚከፍተው ሰው ደመወዝ፣ ለአዳዲስ መጻሕፍት መግዣና ለተቀደዱት መጠገኛ ይከፈል።

ይህ ሲሰማ ከፍተኛውን ቃል ከገቡት አንዱ ወንድማችን ከመርካቶ ስልክ ደወለ። «እኔ ብር ያወጣሁት ለዕውቀት ነው እንጂ ሱቅ ለማቆም ነው እንዴ? ሱቅማ እኔም አለኝ!» ብሎ ተቆጣ። ለመመለስ ስንንተባተብ በኮሚቴው ውስጥ ያሉ አንድ ሽማግሌ ስልኩን ተቀበሉን። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ብር ለኛ ለመስጠት ያበቃህ ምንድን ነው? ሱቅህ አይደለም ወይ? ቤተ መጻሕፍቱም እንዳንተ የራሱ ሱቅ ይኑረው፤ በየዐረፋው እንዳይለምንህ» አሉት። ወንድማችን ሲስቅ በስልኩ ውስጥ ተሰማን። በሳምንቱ ቃሉን ፈጸመ።

ሁሉም ግን እንዲሁ አልሆነም። ስሙ በእብነ በረድ እንዲቀረጽ የፈለገ ሌላ ሰው ንድፉ ካነሰ በኋላ ድምፁን አጥፍቷል። ከሱም ሌላ በሞንታርቦ ቃል ገብተው የተረሱን አሉ። እስከ መስከረም ድረስ በእጃችን የገባው 900 ሺህ ብር ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ ሚሊዮን ሜዳው ላይ የተጨበጨበለት ገንዘብ ነው። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። ቃል አማና ስለሆነ ነው። ሰው ፊት የተገባ ቃል ሰው ሲበተን አይበተንም።

በሌላ በኩል ያልጠበቅነው በረከት መጣ። የአካባቢው ገበሬ ድንጋይና አሸዋ በአህያና በጋሪ አመላልሶ ሰጠ። ግንበኛው ክርስቲያን ጎረቤታችን የሳምንት ሥራውን በነፃ ሠራ። ሒሳቡን ደግሞ በየወሩ መጨረሻ የገባውንና የወጣውን ጽፈን በት/ቤቱ በር ላይ መለጠፍ ጀመርን። ለጥፈን ስናበቃ ሰው ቆሞ ያነብበዋል። የተለጠፈውን አንብቦ በዚያው ገብቶ የሚሰጥም አለ።

ትልቁ ለውጥ ግን ገንዘብ ያልወጣበት ነው። ሕንፃው እስኪያልቅ ለምን እንጠብቃለን አልንና በመስከረም ያንን የብረት ቁምሳጥን ከንብረት ክፍል አውጥተን አንድ ክፍል ጥግ አቆምነው። በየዓመቱ የሚጠፋና የሚያረጅ መጽሐፍ እንደሚኖር ታስቦ፣ ያ የሆነ እንደሆነ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ተፈራርሞ እንዲሰረዝ ከሚመለከታቸው ጋር ተስማማን። ከዚያ ወዲህ የንብረት ክፍል ሠራተኛው ቁልፉን ሲያስረክብ ሸክም እንደወረደለት ሰው ነበር። ቁልፉን በየሳምንቱ ሁለት ተማሪዎች ይይዙታል፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ሰዓቱንም ያወጣነው ተማሪዎቹን ጠይቀን ነው። ሴት ተማሪዎቻችን «ከትምህርት በኋላ ውሃ እንቀዳለን፣ እናታችንን እናግዛለን፤ ማታ ከሆነ አንመጣም» አሉን። ስለዚህ በምሳ ሰዓትና ቅዳሜ ጠዋት እንከፍታለን። ይህን ባንጠይቃቸው ኖሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከፍተን «ሴቶች ማንበብ አይወዱም» ብለን በደመደምን ነበር።

በመጀመሪያው መንፈቅ አራት መጻሕፍት ጠፉ። አራት! የቀሩት ግን ጠርዛቸው ቆሽሿል፤ ገጻቸው ተጣጥፏል። ለብዙ ዓመታት አዲስ እንደመሰሉ የኖሩ መጻሕፍት ናቸው። እንዲህ ሆነው ስናያቸው ደስ አለን።

ይህ ጽሑፍ ምናልባት በሌላ ከተማ ተመሳሳይ ሥራ ለሚያስብ ወገን ቢጠቅም ብለን ከደረሰብን የተማርነውን በአጭሩ እንጨምር። ወላጅ የሆነ ሰው ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት ያለው መጽሐፍ የት እንደተቀመጠ ሄዶ ይይ፤ በየትኛው ሰዓት እንደሚከፈት ልጁን ይጠይቅ። መጽሐፍ የሚልክ ወንድም ቤቱ ያስቸገረውን አሮጌ ካርቶን ከመላክ ይልቅ ደውሎ የሚፈለገውን ይጠይቅ። የድሮው ሥርዓተ ትምህርት መልመጃ ለዛሬ ተማሪ የሚያሳስተው ጊዜ አለ። ልጆች በፍላጎት የሚያነቡት ታሪክና ልብ ወለድም አይረሳ፤ ለፈተና ብቻ ያነበበ ልጅ ከፈተናው ማግስት ያቆማል። ወጣቶች ሆይ! እናንተ ገንዘብ ባይኖራችሁ ጊዜ አላችሁ። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስትመጡ አንድ ቅዳሜ ቁልፉን ያዙ፤ ለታናናሾቻችሁ አንድ ሰዓት አንብቡላቸው። ለጋሽ የሆነ ደግሞ «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ብቻ አይጠይቅ። «በሚቀጥለው ዓመትስ ማን ይከፍተዋል? በምን ደመወዝ?» ብሎ ይጨምር። የኛን እናት ጥያቄ ማለት ነው።

ይህን ስንጽፍ ግድግዳው ቆሟል፤ ሱቆቹም ቆርቆሮ ለብሰው አንዱ ተከራይቷል። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ግን ገና ነው። የቀረውን ቃል የምንጠብቀው ለሱ ነው።

ስለ ልጁ ሳንነግራችሁ አናልፍም። ሦስት ቀን ተመላልሶ አራተኛ ያልሄደው የእናታችን የልጅ ልጅ በዚያው ክረምት የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስዶ ነበር። የማለፊያውን ነጥብ አላገኘም። አሁን መርካቶ ከዘመዱ ሱቅ ይሠራል። የኛ ቁልፍ ብቻ ነው የጣለው አንልም፤ ግን የለንበትም ብለን ደግሞ አንምልም። አላህ በሄደበት ሌላ በር ይክፈትለት።

አያቱ ባለፈው የገበያ ቀን ቆጯቸውን ሸጠው ሲመለሱ በት/ቤቱ በኩል አለፉ። ምሳ ሰዓት ነበር። ቁምሳጥኑ ያለበትን ክፍል በር ተደግፈው ቆሙና ልጆቹን ተመለከቱ። ቁልፉን በአንገቷ ያንጠለጠለችው ተማሪ «እማማ፣ ይግቡ» አለቻቸው። «አይ ልጄ፣ እኔ ለማየት ነው» አሉና ጥቂት ቆይተው ሄዱ። 200 ብራቸውን በተቀበልንበት ዕለት ስማቸው ሳይጻፍ መቅረቱ ትዝ ያለን ያን ጊዜ ነው። ተከትለን ስንጠይቃቸው «አላህ ጽፎት ከሆነ ይበቃኛል፤ እናንተ በሩን ክፈቱ» አሉን።

እናንተስ፣ በከተማችሁ ያለው ት/ቤት ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ልጃችሁን ጠይቁት።